በኅዳር ሲታጠን ያቃጠልናት ዳክዬ

ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።

ሰዓቱን በገዛ እጄ መዝገብ ላይ ስለጻፍኩት አልሳሳትም። ፈጠራ ነው የሚል ካለ አቃቂ ይምጣና ጎረቤቶቼን ይጠይቅ። ወንድሜን የቀበሩት እነሱ ናቸው።

ዳሲቱ እባላለሁ። ከታላቅ ወንድሜ ከጂራታ ጋር የዱር ወፎችን በሚከታተል ቡድን ውስጥ እንሠራ ነበር። በየዓመቱ ብርድ ሸሽተው ከሩቅ አገር የሚመጡ ዳክዬዎች ከአቃቂ በታች ባለው ረግረግ ያርፋሉ። የወፍ ጉንፋን ይዘው እንደሆነ ለማወቅ በመረብ እንይዛቸዋለን፣ ከጉሮሯቸው በጥጥ ናሙና እንወስዳለን፣ እንለቃቸዋለን። ጂራታ ይይዛል፣ እኔ እመዘግባለሁ። አለቃችን የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሥርጉት ናት።

ጂራታ አራት ዓመት በኮንትራት ሠርቷል። በሚቀጥለው ሰኞ ቋሚ ሆኖ ሊፈርም ነበር።

"በሚካኤል ቀን ሥራ..." አልኩት ቦት ጫማውን ሲያጠልቅ።

"ሚካኤልም ክንፍ አለው። ወፍ ብንነካ አይቀየመንም፣ ዳሱ።"

ሳቅኩ።

ረግረጉ ጋ ስንደርስ ግን... ጸጥ ብሏል።

ያ ቦታ ጸጥታ አያውቅም። ሌላ ቀን የወፎቹ ጩኸት እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ያን ቀን በመቶ የሚቆጠሩ ዳክዬዎች ውሃው ላይ ነበሩ፣ አንድም ድምፅ የለም።

ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረዋል።

"ሰው አይተው አይሸሹም እንዴ?" አለች ዶክተር ሥርጉት በሹክሹክታ። መልስ ሳትጠብቅ ወዲያ ማዶ ወዳለው መረብ ሄደች።

እኛ መረብ ውስጥ ስምንት ነበሩ። ሰባቱ ተንፈራገጡ። ስምንተኛዋ ጂራታ ሲያነሳት አልተንቀሳቀሰችም።

"ሞታለች?"

"ዓይኗ ያያል..."

ያደግነው ዶሮ እያረባን ነው። እናታችን የታመመች ዶሮ የምትለየው ደረቷን በባዶ እጇ ዳብሳ ነበር። ጂራታም ሳያስብ ጓንቱን አወለቀ።

"ጂራ... ጓንትህን።"

ጣቱን ደረቷ ላይ አሳረፈ። ቆየ።

"ልቧ አይመታም።"

"ሞታለች በለኛ።"

"ዳሱ... እያየችኝ ነው።"

ደንቡን እናውቃለን። የሞተ ወፍ በበረዶ ሳጥን ሆኖ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በባዶ እጁ የነካ ሰው ወዲያው ይናገራል። ከሥራ ወጥቶ ለአሥር ቀን ክትትል ይደረግለታል።

"አሁን ከተናገርን ሰኞ ቀረ ማለት ነው" አለኝ። "አመለጠች ብለሽ ጻፊ።"

ጻፍኩ።

ወፏን በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተታት።

"ምን ልታደርጋት ነው?"

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

ገባኝ። ኅዳር ሲታጠን ነው። ድሮ የኅዳር በሽታ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ፣ በዚህ ቀን ሰፈር ሁሉ ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ ያቃጥላል። በሽታ ከጭሱ ጋር ይሄዳል ይባላል።

"በሽታ ካለባት ከዛሬ የተሻለ ቀን የላትም" አለ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፌስታሉን ደጃችን ያነደድነው እሳት መሃል ጣለው። ፌስታሉ ቀለጠ። ላባ ሲቃጠል እንዴት እንደሚሸት የማያውቅ የለም። ጠበቅን...

ምንም አልሸተተም።

ጎረቤታችን እማማ አሰጋሽ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ጠጋ አሉ።

"ምንድን ነው የጣላችሁት?"

"ቆሻሻ ነው፣ እማማ።"

"የእናንተ ቆሻሻ ክንፍ አለው እንዴ? ሲያርገበግብ ይሰማኛል።"

እኛም ይሰማን ነበር።

የሰፈሩ ጭስ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። የእኛው ግን... መሬት ለመሬት ሄዶ በበራችን ገባ።

በማግስቱ አመዱን በእንጨት በተንኩት። አንድም አጥንት የለም።

ቅዳሜ ጂራታ ማሳል ጀመረ።

"ብርድ ነው" አለኝ።

አጠገቡ ስቀመጥ ትንፋሹ የተቃጠለ ላባ ይሸታል።

"ለዶክተሯ ልንገራት።"

"ሰኞን ልለፍ፣ ዳሱ። ፈርሜ ልምጣ። ከዚያ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።"

እሺ አልኩት። እስከ ዛሬ የሚበላኝ እሱ ነው። እሺ ማለቴ።

ሰኞ ጠዋት ከአልጋው መነሳት አቃተው። ለዶክተር ሥርጉት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"ዳሲቱ... ለምን?"

ራሷ በመኪናዋ መጥታ ሆስፒታል ወሰደችው።

ተመረመረ። የወፍ ጉንፋን አልተገኘበትም። የሰባቱ ወፎች ናሙናም ንጹሕ ነበር። ሐኪሙ የሳንባውን ፎቶ ሁለት ጊዜ አስነሥቶ ሁለቱንም መስኮት ላይ አስጠግቶ አያቸው። ምን እንደሆነ አላውቅም አለን።

ሐሙስ ማለዳ ጂራታ ዓይኑን ገለጠ።

"ፊርማውስ?"

"ቋሚ ሆነሃል። ዶክተሯ ጨርሳልሃለች።"

ውሸቴን ነበር። ፈገግ አለ። አንድ ሰዓት ላይ አረፈ።

ቀብሩ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችን ኮረብታ ላይ ነው። በኅዳር መሬቱ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ቆፋሪው ጋሽ ጉዲሳ ጉልበቱ ድረስ እንደቆፈረ ቆመ።

"ውሃ" አለ።

"ከየት የመጣ ውሃ?" አሉት የዕድሩ ዳኛ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሃያ ዓመት እዚህ ስቆፍር አይቼ አላውቅም።"

ስድስት እርምጃ ራቅ ብሎ ሌላ ጀመረ። እዚያም ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ውሃ ሆነ።

ቀርቤ አየሁ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ከሥሩ ልክ እንደ ረግረጉ ለምለም ቄጠማ ቆሟል... ገና በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ።

ሦስተኛው፣ በአጥሩ ጥግ የተቆፈረው፣ ደረቅ ነበር። ወንድሜ እዚያ ተቀበረ።

ሁለቱ ጉድጓዶች በጋውን ሙሉ ውሃቸው አልጎደለም። በሚያዝያ ሰበካ ጉባኤው በድንጋይ አስደፈናቸው።