ፋኢዛን ግንቡ ላይ ትቻት ወረድኩ

ቀልዴን የለመዳችሁ፣ ዛሬ ይቅር በሉኝ። ይሄ የሆነ ነገር ነው። ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

2017 እ.ኤ.አ.፣ የኦክቶበር የመጨረሻው ቅዳሜ። ከቀኑ አሥር ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ... ፀሐይ ነበረች።

ያኔ የምኖረው ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር ነበር። ቪንተርቱር ከተማ ጀርመንኛ ለሚማሩ የአገሬ ልጆች አስተርጓሚ ሆኜ አንዲት ትንሽ የድሮ ከተማ ሄድን። የከተማዋን ቅጥር ሲጠብቅ የኖረ የመካከለኛው ዘመን ግንብ ልናይ።

ቁልፍ ያዡ ሽማግሌ ደረጃው ሥር አስቆሙን።

«ስንት ናችሁ? ቁጠራቸው። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ከዘጋሁት እስከ ኤፕሪል አይከፈትም።»

ጣቴን ሳነሳ እትዬ መስታወት፣ የቡድናችን ትልቋ፣ እጄን መታ አደረጉት።

«ሰው እንደ በግ አይቆጠርም! ምን ልታመጣብን ነው?»

«እትዬ፣ እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ ሲቆጥሩን አይደል እንዴ የከረሙት?»

ሁሉም ሳቀ። ሳቃቸው ጣፈጠኝ።

የስም ዝርዝሩ ዘጠኝ ይላል። «ዘጠኝ» አልኳቸው።

አልቆጠርኩም።

የግንቡ በር ከመሬት ሁለት ሰው ቁመት ከፍ ይላል። ድሮ ጠባቂው በመሰላል ወጥቶ መሰላሉን ወደ ውስጥ ይስበው ነበር፤ ዛሬ የብረት ደረጃ ሠርተውለታል። ግድግዳው ሁለት ሜትር ይወፍራል። መስኮቶቹ ከውስጥ ሰፊ፣ ከውጭ ስንጥቅ ብቻ... ቀስት እንዲያስወጡ እንጂ እንዳያስገቡ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሽማግሌው ወደ ላይ ጠቆሙ። አራተኛ ፎቅ ነበረ፣ የጠባቂው ማደሪያ። ድሮ ተቃጥሏል። ግድግዳው ላይ የወለሉ ወራጅ እንጨቶች ቀዳዳ ቀርቷል፤ ከዚያ በላይ ባዶ ነው፣ እስከ ጣራው።

እኔ ግን እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦

«ወለሉ ተቃጠለ፣ ጠባቂው ግን አልወረደም። የጥገኝነት መልሱን እየጠበቀ ነው ይላሉ።»

ሳቅ በሳቅ!

በሳቁ መሃል አንዲት ልጅ እጅጌዬን ነካች። ፋኢዛ። የወሎ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ።

«ሰላቴን ልስገድ። ጠብቁኝ፣ እሺ?»

ራሴን ነቀነቅኩላት።

ምን እንዳለችኝ የገባኝ ግን በኋላ ነው...

ስንወርድ ሽማግሌው «ዘጠኝ?» አሉ።

«ዘጠኝ።»

ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።

ባቡር ጣቢያው ላይ ጓደኛዋ መሪማ ዞር ዞር አለች።

«ፋኢዛስ?»

ደወልኩ። አይሠራም። ሁለት ሜትር ድንጋይ...

ሮጥኩ። ሽማግሌው ብስክሌታቸውን ከታሰረበት ሲፈቱ ደረስኩባቸው።

ምን ብላቸው ጥሩ ነው?

«ሻርፔን ረሳሁ።»

ሰው ረሳሁ ለማለት አፈርኩ። ልጅቷ እስከ ኤፕሪል ሊዘጋባት፣ እኔ የምጨነቀው ለፊቴ!

ከፈቱልኝ። ብቻዬን ወጣሁ።

ፋኢዛ ሦስተኛው ፎቅ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። በሁለት እጇ አፏን ይዛ።

«ፋኢዛ...»

«ሽሽ! እየቆጠረ ነው።»

«ማን?»

በዓይኗ ወደ ላይ አሳየችኝ። ወለል ወደሌለው ፎቅ።

«ለምን አልጮህሽም?»

«አንተ መስለኸኝ! ስሰግድ ጀመረ። አንድ... ሁለት... በአማርኛ። በአንተ ድምፅ። ስምንት ይልና ዝም ይላል። ከዚያ እንደገና ከአንድ...»

ተይ ቀልድሽን ልላት ነበር።

ትከሻዬ ላይ አቧራ ወረደ።

ከበላያችን እንጨት ሲጥ አለ። እንጨት በሌለበት።

ከዚያ ሰማሁት። የገዛ ድምፄን። ሳቅ የሚባል ነገር የሌለበት።

«ዘጠኝ...»

እጇን ይዤ በደረጃው ተንከባለልን ማለት ይቀላል።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። እስካሁን አላልኳትም። ዙሪክን ለቅቄ ጄኔቭ አጠገብ፣ ቨርሷ የምትባል ከተማ ገብቻለሁ፤ ስሟ ስልኬ ላይ ሲመጣ ስልኩን እደፋዋለሁ።

ያን ዕለት በሩ ላይ ሽማግሌው እሷን አዩ። ቀጥለው እኔን። ሻርፕ የሌለበትን አንገቴን። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሩን ግን አልዘጉም።

«ይዝጉት እንጂ!» አልኳቸው።

በትከሻዬ አሻግረው ወደ ውስጥ፣ ወደ ደረጃው አዩ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብለው መንገድ ለቀቁ...

ባርኔጣቸውንም ለሰላምታ አነሱ።