ጓንጉል ፍርዱን ሲጠይቅ

ተጠጉ፣ ወደ እሳቱ ተጠጉ። የምነግራችሁ የጨለማ ነገር አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው። ቀትር ላይ፣ ልክ ስድስት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተከትቶ፣ ወፍ እንኳ ድምፅዋን አጥፍታ፣ አንድ ሰው በወንዝ ዳር መንገድ ብቻውን ይሄድ ነበር። በቀትር ወንዝ ዳር ማን ብቻውን ይሄዳል? እሱ ግን ሄደ።

ስሙ ቢያድግልኝ ነው። ጊዜው ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ጊዜ ነው። ቢያድግልኝ ጓንጉል የሚባል አበልጅ ነበረው፤ የልጁ የክርስትና አባት። ጓንጉል ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገብቷል። ጣሊያኖቹ ሽፍታ ይሉታል።

አንድ የገበያ ቀን አዋጅ ተነገረ። «ጠመንጃውን ጣቢያ ድረስ አምጥቶ ያስረከበ ይማራል። ጠመንጃ ይዞ መንገድ ላይ የተያዘ ሽፍታ ነው፤ ይሰቀላል።» ሰማችሁ? ያስረከበ ይማራል፤ የተያዘ ይሰቀላል።

ቢያድግልኝ ዱር ድረስ ሄደ።

«አበልጄ፣ ግባ» አለው። «ሚስትህ ብቻዋን ቀረች። ጠመንጃህን ይዘህ በወንዙ ዳር መንገድ ና። እኔ ጣቢያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

«ትምልልኛለህ?»

«በክርስትና ልጅህ እምላለሁ።»

ጓንጉል አመነው። እናንተስ ብትሆኑ አታምኑም?

ቢያድግልኝ ከዱር እንደተመለሰ ጣቢያ ገብቶ መንገዱን ተናገረ። ወታደሮቹ ወንዙ ዳር አድፍጠው ጓንጉልን ያዙት። ጣቢያው ሦስት መቶ እርምጃ ቀርቶት ነበር። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። ዳኛው በጣሊያንኛ ፈረደበት፤ የሚያስተረጉምለት አልነበረም። በነጋታው ገበያው መሀል ሰቀሉት። ቢያድግልኝን ጭቃ ሹም አደረጉት።

ከወር በኋላ ነው እንግዲህ ቢያድግልኝ በዚያው መንገድ የሚሄደው። መጀመሪያ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ፤ ኮቴውም ቆመ። ሄደ፤ ኮቴውም ሄደ። ቀጥሎ ባሩድ ሸተተው። ቀጥሎ ትንፋሽ ማጅራቱን ነካው። ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ትንፋሹ ግን ቀዝቃዛ ነው።

«አበልጄ» አለው።

ድምፁን አወቀው። ዞረ? አልዞረም።

«ፍርዱ በጣሊያንኛ ነበር» አለ ድምፁ። «ምን ብለው እንደሰቀሉኝ አላወቅሁም። አንተ ታውቃለህ። ንገረኝ።»

«ጠመንጃ ይዞ ተያዘ ነው ያሉት።»

«ይዘህ ና ያለኝ ማነው?»

«እኔ።»

«በየት እንደምመጣ የነገራቸውስ?»

«እኔ ነኝ» አለ።

ድምፁ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለው ነበር።

«ጣቢያው በር ላይ የቆመ ሰው አይቼ ነበር» አለ ድምፁ። «አንተ መስለኸኝ እርምጃዬን አፈጠንሁ። ይህን ለእናኑ ንገራት።»

እናኑ የጓንጉል ሚስት ናት። ቢያድግልኝ እየሮጠ ቤቷ ደረሰ። ጎጆው ውስጥ ገብቶ እግሯ ላይ ወደቀ።

«እትዬ እናኑ፣ ያስያዝሁት እኔ ነኝ» አለ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት።

አላለቀሰችም። አልረገመችውም። እሱን አልፋ ወደ በሩ ታይ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳች፤ መደቡ ላይ ያለውን ቁርበት አራግፋ አነጠፈች።

«ግባ እንጂ፣ ጓንጉል» አለች። «ምነው በር ላይ ቆምህ?»

ቢያድግልኝ ዞሮ አየ።

ምን አየ? አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንደበቱ ተዘጋ። ሹመቱንም ተወ። እስኪሞት ድረስ ገበያ ሲወጣም ወንዝ ሲወርድም፣ ለሌላ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ሁሉ ዳር ዳሩን ነበር የሚሄደው።

እንግዲህ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ተያይዛችሁ ሂዱ። ማን ከማን ጋር እንደሚሄድም እያያችሁ።