እርስዎ ይቅደሙ

ያን ቀን ጧትም ቲታን ላይ እንደወትሮው ጋዝ ይዘንብ ነበር፤ አስጎብኚው ድንበሩም እንደወትሮው መርከብ እየተራገመ ወደብ ቆሞ ነበር።

ቲታን የሳተርን ትልቋ ጨረቃ ናት። ሐይቆቿ ፈሳሽ ጋዝ ናቸው፣ ብርዷን ለጠላት እንኳ አይመኙትም፣ የመንገደኛ መርከብ የሚያርፍባትም በዓመት አንዴ ነው። ድንበሩ እዚያ የግል አስጎብኚ ነው። መርከቧ ራሷ የምታዘጋጀው ጉብኝት አለ፤ በዚያ የወጣ መንገደኛ ቢያረፍድ ቆማ ትጠብቀዋለች። ከድንበሩ ጋር የወጣ ግን ጉዳዩ የራሱ ነው። «በግል የወጣ በግል ይቀራል» ይላል የመርከቧ ሕግ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። ስለዚህ የድንበሩ ሙያ ማስጎብኘት አይደለም፤ ሰዓት ነው። መርከብ «ደረስኩ» ካለች በኋላ ሰው መቼ እንደሚወርድ፣ «እሄዳለሁ» ካለችበት ሰዓት በፊት በሯ መቼ እንደሚዘጋ፣ ሁሉን እንደ ሚስቱ ጠባይ ያውቀዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ሰው አስቀርቶ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራል፤ እውነቱን ለመናገር ኩራቱን ትንሽ ያበዛዋል።

ያን ቀን ጎህ የምትባለው መርከብ የሳተርን ቀለበት አቧራ ይዟት አርፍዳ መጣች። መድረሻዋ ሲዘገይ ግን መነሻዋ አልዘገየም። መርከብ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ራሱ አርፍዶ ሰውን ቶሎ በል ይላል።

ድንበሩ አራት መንገደኞች ተረከበ። ዋናዋ እትዬ አስካለ ነበሩ። ኔፕቱን አጠገብ ማዕድን የሚያወጣ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ምድር እየተመለሱ ነው፤ የመጨረሻዋን ልጃቸውን ሊድሩ። ጎህ ካመለጠቻቸው ሙሽራዪቱ ያለ እናት ትዳራለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ የነገሩት ገና ክንፍ ልብሳቸውን ሲያስርላቸው ነው። ክንፍ ልብስ ክንድ ላይ የሚታሰር ሰፊ ሸራ ነው፤ የቲታን አየር ወፍራም፣ ሰውም እዚያ ቀላል ስለሆነ ማንም አራግቦ ይበራል። እትዬ አስካለ ከሙቀት ልብሱ በላይ ነጠላቸውን ደረቡና «ልጄ፣ አደራ» አሉት። አደራ የሚባል ነገር ደግሞ ድንበሩን እንቅልፍ ይነሳዋል።

የሐሳቡን ቢያደርግ ሐይቁን ብቻ አሳይቶ ይመልሳቸው ነበር። እነሱ ግን የሎሚ ዛፉንስ አሉ። ቲታን ላይ ያለው ዛፍ አንድ ነው፤ እሱም ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ሽማግሌ ቤት፣ በመስታወት ጉልላት ሥር የበቀለ ሎሚ ነው። ሰው ያን ሁሉ የሰማይ መንገድ አቋርጦ ይመጣና የሳተርንን ቀለበት ትቶ ሎሚ ያያል። ምን ይደረግ። ድንበሩ ደወለላቸውና ጊዜ እንደሌለ፣ ከበር ሆነው አይተው ብቻ እንደሚመለሱ፣ ምግብ እንዳያስቡ ለመናቸው። ጋሽ ዘርጋው «እሺ ልጄ» አሉት። ሊያስደነግጠው የሚገባው ይሄ «እሺ» ነበር።

ሲደርሱ ድንች ወጡ ወጥቶ፣ ገበታው ቀርቦ፣ ጋሽ ዘርጋው እጅ ማስታጠቢያ ይዘው ቆመዋል። በሞቴ አሏቸው። ሽማግሌ በሞቴ እያለ ማን ይነሳል? ተበላ። አንድ ተደገመ፣ አንድ ተጨመረ። እትዬ አስካለና ጋሽ ዘርጋውማ እንደ ጥንት ጎረቤት ጨዋታ ያዙ። እትዬ አስካለ፣ ሳታንኳኳ ክፍላቸውን ትከፍት የነበረችውን፣ እንደ ሰው የምታወራዋን መርከብ ጎህን በመንገድ ላይ እንዴት ሥርዓት እንዳስተማሯት አወሩ። ጋሽ ዘርጋውም የወደቡን በር የሚቆጣጠረው ማሽን፣ ሰፈሩ «በረኛው» የሚለው፣ ሰው ተረከዝ ላይ እየዘጋ ሲያስቸግር ሄደው እየተቆጡ ጨዋ እንዳደረጉት አጫወቱ። ሁለቱም የዛሬ ማሽን አሳዳጊ የበደለው ነው በሚለው ተስማሙ። ድንበሩ ሰዓቱን እያየ ላብ አጠመቀው።

ከዚያ ምርቃቱ መጣ። ጋሽ ዘርጋው ሎሚው ሥር ቆመው መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ ብለው ጀመሩና ከመንገዱ ወደ ሙሽራዪቱ፣ ከሙሽራዪቱ ወደ ልጅ ልጆቿ ተሻገሩ። ድንበሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ አሜኑን ያጣድፈዋል። እሳቸው ደግሞ ይሄ ልጅ ምርቃት ርቦታል ብለው ይጨምሩለታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ሲወጡ የመርከቧ መነሻ አልፏል። ቢሆንም በረሩ። ሦስት ጊዜ በልቶ የተነሳ ሰው ደግሞ እንደ ልቡ አይበርም፤ ዝቅ ዝቅ ይላል። እትዬ አስካለ በዝናቡ ውስጥ ነጠላቸው እየተርገበገበ ያራግባሉ። ድንበሩ የሰው እናት ከሠርግ አስቀረሁ ብሎ አለቀሰ፤ ደግነቱ ጭምብል አድርጓል።

ወደቡ ሲደርሱ ጎህ እንደቆመች አገኟት። በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የወደቡም በር እንዲሁ። ካፒቴኑ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። የመሄጃው ሰዓት ሲደርስ ጎህና በረኛው ለመሰነባበት እንደጀመሩ፣ ከዚያ ወዲህ እንዳልጨረሱ ነገራቸው። ሂጂ ብሎ አዟት ነበር፤ እሷም «እሺ» ትላለች እንጂ አትሄድም።

«እንግዳ ደጄ ቆሞ በር አልዘጋም» ይላል በረኛው። «እርስዎ ይቅደሙ፤ ከኋላዎ እዘጋለሁ።»

«ባለቤት እያየኝ ጀርባዬን አልሰጥም» ትላለች ጎህ። «እርስዎ ይዝጉ፤ ከዚያ እሄዳለሁ።»

«ኧረ በፍጹም።»

«ኧረ እንዴት ይሆናል።»

መካኒኮቹ ብልሽቱን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አላገኙም። እትዬ አስካለ ያስተማሩት ሥርዓት ይህን ሁሉ ሰው እንዳጉላላ ሲገባቸው አፈሩ። ሦስቱን መንገደኞች አስቀድመው ገቡና የመርከቧን ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«በሞቴ፣ በይ ሂጂ» አሏት። «ልጅ ልድር ነው።»

ጎህ «እሺ እማማ» አለች። በሮቹ ወዲያው ተዘጉ፣ መርከቧ ተነሳች፣ መብራቷ ብርቱካናማው ጉም ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እስትንፋስ የሚያህል ጊዜ አልፈጀም።

ድንበሩን ያስጠረጠረው ይሄ ፍጥነት ነው። ባዶው ወደብ ላይ ቆሞ በረኛውን ጠየቀው። «እንዲህ ቀላል ከነበረ፣ እስካሁን ምን አከራከራችሁ?»

በረኛው መለሰ። «ሰው ጎድሎ ነበር። ሕጉ በግል የወጣውን አትጠብቁ ይላል። ስንብት አታርዝሙ ግን አይልም።»

ድንበሩ በመጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ግን የጋሽ ዘርጋው ምርቃት ትዝ አለው። በዓመት አንዴ መርከብ፣ አንድ ሎሚ፣ አንድ ሽማግሌ። ያን ሁሉ ምርቃት የእርጅና ወሬ ብሎ ሰዓት ሲቆጥርበት ነበር፤ ለካ ጋሽ ዘርጋውም እንደ በረኛው እንግዳ እንዲቆይላቸው «ይቅደሙ» እያሉ ነበር። ሰው ተነስቶ ቆሞ ደጃፍ ላይ አዲስ ጨዋታ የሚጀምረው ለምን እንደሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ኖሮ የነገረው ማሽን ሆነ። ተመልሶ ጋሽ ዘርጋው ዘንድ ሊሄድ፣ የተረፈውን ድንች ወጥ አብሯቸው ሊበላ ወሰነ፤ ያውም ሰዓቱን ፈትቶ። ክንፉን አሰረ።

«ይሂዱ እንግዲህ፣ ሳይመሽብዎ» አለው በረኛው።

«እሺ» አለ ድንበሩ፤ ከቆመበት ግን አልተነቃነቀም።