አርባው ያልወጣ መሪ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በሁለት እጄ ይዤው ነበር...

ሐምሌ 2004 ዓ.ም.፣ ሞላሌ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ጉሙ መስኮቴ ድረስ መጥቶ ነበር።

ወዳጆ እባላለሁ፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አብራሪ መሆን አምሮኝ ስለቀረ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኮምፒውተር አውሮፕላን አበራለሁ። ባለቤቴ ጥሩሸዋ «ካፒቴኑ» እያለች ትስቅብኛለች።

ኮምፒውተሩ ላይ የምሰካው አሮጌው መሪዬ ስለላላ በጎማ ጠፍሬው ነበር የማበረው። ጓደኛዬ ምንይሉ ከአዲስ አበባ የተሻለ ላከልኝ። የሟች ጎረቤቱ፣ የአንድ ጡረተኛ አብራሪ ዕቃ ነው።

አማቴ መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ሳጥኑን ሲያዩ ከማን እንደመጣ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። በእኛ ቤት የሟች ዕቃ አርባው ሳይወጣ አይነካም።

«አርባው ወጥቷል?»

«ወጥቷል፣ አባ።»

ዋሸሁ። ገና ሠላሳ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ቸኩዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥሩሸዋ በዋዜማው ደብረ ብርሃን ለእርግዝና ክትትል ሄዳ፣ ያን ዕለት በአውቶቡስ እየተመለሰች ነበር። ሰባት ወሯ ነው።

መሪውን ሰካሁት። ሲዞር ቅቤ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ከደመና በላይ ቀጥ ብዬ እየበረርኩ ሳለ መሪው ወደ ግራ ዞረ።

እኔ አላዞርኩትም...

ከዚያ ወደ ቀኝ። ቀስ ብሎ ደግሞ ወደ ግራ...

ገመዱን ነቀልኩት። መዞሩን አልተወም። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። አሁንም ይዞራል።

ስልኬ ጮኸ። ጥሩሸዋ ናት፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ወዳጆ... ሾፌሩ መሪውን ለቆታል።»

«ምን?»

«እጁ ጭኑ ላይ ነው... መሪው ግን ራሱን ያዞራል። ገደሉ በእኔ በኩል ነው።»

ደንግጬ የያዝኩትን መሪ ለቀቅኩት።

በስልኩ ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። መልሼ ያዝኩት... ጩኸቱ ቆመ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ ለአንድ ዕቃ ብዬ ሚስቴንና ልጄን ልጥል ነው።

«ግራ» ትለኛለች። አዞራለሁ።

«ቀስ... አሁን ቀኝ።»

ስልኩን በትከሻዬ አጣብቄ፣ እያለቀስኩ ነዳሁ። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። አርባው አልወጣም፣ ዋሽቻለሁ እያልኩ ለባዶ ቤት ተናዘዝኩ። መንገዱ ግን አላልቅ አለ...

በሩ ተከፈተ።

ጥሩሸዋ ገባች። ነጠላዋ በጉም ርሷል፣ በእጇ ዳቦ ይዛለች። አውቶቡሱ ቀድሞ መግባቱን፣ መንገዱም ሰላም እንደነበር ነገረችኝ።

እጇን አየሁ። ስልክ አልያዘችም።

በጆሮዬ ውስጥ ያችው ድምፅ ተንሾካሾከች...

«ወዳጆ፣ እንዳትለቀው። ገና ገደሉ ላይ ነን።»

የገባችው ዳቦውን አስቀምጣ አጠገቤ ተንበረከከች። ፈገግ እንዳለች ጣቶቼን ከመሪው ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ታላቅቅ ጀመር...