የባምላክ ቆጥ

«አውርጂው!» አለች ሙሉነሽ ከበሩ ላይ።

ፀደንያ በርጩማ ላይ ቆማ ግማሽ ጆንያ ሩዝ ወደ ቆጡ እየገፋች ነበር። ጫፉ ወጥቷል፤ ክብደቱ ግን ገና ትከሻዋ ላይ ነው። የእናቷን ዓይን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እማዬ፣ ጉማራ ወንዝ እኮ ሞልቷል። ጋሼ አንዳርጋቸው ከብቶቻቸውን ሁሉ ወደ ጉብታው አውጥተዋል።»

«አውርጂው አልሁሽ! የወንድምሽን ፍራሽ ልታበላሺው ነው?»

በቤቱ ውስጥ ከወለሉ ከፍ ያለው ቦታ ይህ ቆጥ ብቻ ነው። ላዩ ላይ የባምላክ ፍራሽ፣ ብርድ ልብሱና የልብስ ሻንጣው አለ። ሌላ ነገር አይነካውም። ፀደንያ ጆንያውን ቀስ ብላ አወረደችና ሙሉነሽ ወለሉ ላይ ከደረደረቻቸው ድንጋዮች ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ድንጋዮቹ ከቁርጭምጭሚቷ አያልፉም።

ቆጡን የሠራው ራሱ ባምላክ ነው። አባታቸው ከሞተ በኋላ በመጣው ክረምት ውሃ ቤት ገብቶ እህላቸውን ሲያበሰብሰው፣ ከመንደሩ ዋርካ ማዶ ካለ ገበሬ ባሕር ዛፍ ለምኖ አምጥቶ፣ ምሰሶዎቹን ተክሎ ርብራቡን አጋደመ። ከዚያ ወዲህ ሐምሌ ሲገባ ሥራውን ማንም አያዘውም ነበር። በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፍራል፣ እህሉን ያወጣል፣ ላሟን ወደ ከፍታው ይነዳል። ውሃው ግቢውን ሲሞላ ደግሞ ፀደንያን ብድግ አድርጎ ቆጡ ላይ ያስቀምጣትና አጠገቧ ይቀመጣል። እግራቸውን አንጠልጥለው፣ በበሩ በኩል ሜዳው ሐይቅ ሲሆን ያያሉ። ባምላክ የሚጠብስላት በቆሎ ሁልጊዜ ግማሹ ያረረ ነበር። በእነዚያ ክረምቶች ፈርታ እንደነበር አታስታውስም።

ሃያ ዓመት ሲሞላው ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ገባ። ግሽ አባይ ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ ሕንፃ ላይ እየሠራ፣ እሁድ እሁድ ይደውል ነበር። አንድ እሁድ ከመናኸሪያው ደወለ። «መተማ የሰሊጥ ሥራ አለ አሉኝ። ስገባ እደውላለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። የጠየቋቸው ሰዎች ሁሉ ሌላ ሌላ ነገር ነገሯቸው። ይኸው አሁን ሁለተኛው ክረምት ነው።

ከሰዓት በኋላ ፀደንያ የእናቷን ስልክ ቻርጅ ለማድረግ አስፋልቱ ዳር ወዳለችው ከተማ ወጣች። ከተማዋ ከፍ ያለ መሬት ላይ ናት፤ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚመላለሰው መኪና ሁሉ በመሐሏ ያልፋል። የክፍል ጓደኛዋ ተቅዋ በአባቷ ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘነች ነበር።

«ጭቃ ብቻ ሆነሻል እኮ! በየት ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«በመንገዱ። መንገዱ ራሱ ውሃ ሆኗል።»

ተቅዋ ስልኩን ሰካችላትና ከመደርደሪያው ጀርባ ጎትታ አስገባቻት። «ስሚ፣ አባዬ እህላችሁን አምጥታችሁ መጋዘን ውስጥ አስቀምጡ ብሏል። እናንተም እኛ ቤት መምጣት ትችላላችሁ። ከላይ ደብረ ታቦር በኩል ዝናቡ ለጉድ ነው እያሉ ነው።»

«በዚህ መንገድ እህል አይወጣም። እማዬም አትወጣም።»

«ለምን?»

«ባምላክ ቢመጣ በሩን ተዘግቶ እንዳያገኘው» አለች ፀደንያ።

ተቅዋ የራሷን ስልክ ከኪሷ አወጣችና ሳትጠየቅ የባምላክን ቁጥር ደወለች፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ሁለቱም ጆሯቸውን አስጠጉ። የዚያችው የሚያውቋት ሴትዮ ድምፅ መጣ፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም።

«ይቺን ሴትዮ አንድ ቀን ባገኛት ወላሂ አልለቃትም» አለች ተቅዋ።

ፀደንያ ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ግን ፊቷን ወደ ሳሙናው መደርደሪያ መለሰች። «የባምላክን ፍራሽ አውርጄ እህሉን ቆጡ ላይ እንዳወጣ አትፈቅድም። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እኔ እንጃ። የእናቴን ፊት ሳይ አንጀቴ አይችልም መሰለኝ።» ተቅዋ ስልኳን ኪሷ ከተተች። «ግን የምትበሉት ከሌለስ?»

ፀደንያ ይህን ጥያቄ ይዛ ቁልቁል ወረደች። በሁለቱም ወገን የሩዙ ማሳ አረንጓዴና ጸጥ ያለ ነበር፤ ማሳው መሐል ለመሐል ግን ትናንት ያልነበረ ውሃ ያብለጨልጫል።

ውሃው በማግስቱ ከምሳ በኋላ መጣ። ድምፅ አልነበረውም። ፀደንያ በጓሮ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ቡናማ ነገር ሲያፈተልክ አየች፤ ቀጥሎ በበሩ ገባ፤ ወዲያው ድንጋዮቹን ሸፈነ። ከውጭ ጎረቤታቸው አንዳርጋቸው ጮኹ።

«ሙሉነሽ! ውጡ! ወንዙ ዳሩን ጥሷል! ታንኳዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ተዘጋጁ!»

«ጥጃዋ!» ብላ ሙሉነሽ ወደ በረቱ ሮጠች።

ፀደንያ ብቻዋን ቀረች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ደርሷል። ሩዙ፣ የጤፉ ጆንያና ውሃው ሲሸሽ የሚዘሩት የጓያ ዘር ከታች ናቸው። ከላይ ፍራሹ አለ። እናቷ በየቅዳሜው እያወረደች ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ አራግፋ፣ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ መልሳ ታወጣዋለች። ፀደንያ በርጩማው ላይ ወጣችና የፍራሹን ጫፍ ያዘች።

«ይቅር በለኝ፣ ባሜ» አለች። ሳበችው።

ፍራሹ ውሃው ላይ ሲወድቅ የፈነጠቀው ፊቷን መታት። ሻንጣውንና ብርድ ልብሱን ጥግ ላይ ገፋቻቸው። ከዚያ ጤፉን ተሸከመች። እንዴት እንዳወጣችው በኋላ ራሷም አታውቅም። ሩዙን አስከተለች፤ ታቹ ርሶ ነበር። የዘሩን ከረጢት ወርውራ ስታበቃ ሙሉነሽ ጥጃዋን በገመድ እየሳበች በሩ ላይ ቆመች።

ፍራሹ ጓዳው በር ላይ እየተንሳፈፈ ነበር። ሙሉነሽ አየችው። ወደ ቆጡም ቀና ብላ አየች። ፀደንያ ስድብ ወይም ለቅሶ ጠበቀች። እናቷ ግን የጥጃዋን ገመድ እጇ ላይ ጠቀለለች።

አንዳርጋቸው ታንኳቸውን በረጅሙ ዘንግ እየገፉ በሩ ድረስ አመጡት። ሁለቱን አሳፍረው ጥጃዋን ከጎን አሰሩ። ሙሉነሽ መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ ዞራ ቤቱን ታይ ነበር።

ከፍታው ላይ ባለው ትምህርት ቤት፣ ፀደንያ ሰባተኛ ክፍልን በተማረችበት ክፍል ውስጥ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር አደሩ፤ ሰነበቱም። ተቅዋና አባቷ ሙሀመድየሱፍ ዳቦና ምንጣፍ ይዘው መጡ። ሙሉነሽ ሰውን ታመሰግናለች፣ ጥጃዋን ታጠጣለች፤ ለልጇ ግን «እንኪ ብዪ»ና «ነዪ ተኚ» ከማለት በቀር ምንም አላለቻትም። ፀደንያ በቀን ደጋግማ ራሷን ጠየቀች። ሌላ መንገድ ነበረ? ባምላክ ቢሆን ሁለቱንም ያተርፍ ነበር፤ እንደዚያ ይመስላታል። እሱ ቢኖር ኖሮ ግን ጥያቄውም አይኖርም ነበር።

ውሃው ሲጎድል አንዳርጋቸው ቤቱን አይተው ተመለሱ።

«የጓሮው ግድግዳ ወድቋል» አሉ። «ቆጡ ግን ንቅንቅ አላለም። ጤፉ ደረቅ ነው። ጎበዝ ልጅ አለሽ፣ ሙሉነሽ፤ የእኔ እህል በሙሉ በስብሷል።»

ያን ቀን ማታ ሙሉነሽ አንዳርጋቸው ካመጡላት ጤፍ ለሚስታቸው ሰፈረችላት። ተመልሳ ፀደንያ አጠገብ ተቀመጠችና ጸጉሯን በጣቷ መለየት ጀመረች።

«ሽታው ከጠፋ ቆይቷል» አለች።

«ምኑ?»

«የፍራሹ። የእሱ ሽታ አልነበረውም። እኔው ነበርሁ የማሸተው፣ ጠረኑን እንዳልረሳው ብዬ። ምንም የለውም፤ የአቧራ ሽታ ብቻ ነው።»

ፀደንያ ራሷን እናቷ ጭን ላይ ጣለች። ሁለቱም አላለቀሱም።

መስከረም ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ከፈለጉ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለው ጉብታ ላይ መሥሪያ ቦታ ይሰጣቸዋል፤ መሬታቸውን ከታች እያረሱ ከላይ ይኖራሉ። የሚፈልግ ይነሣ ሲባል አንዳርጋቸው ወዲያው ተነሡ። ሌሎችም ተከተሉ። ሙሉነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

«እማዬ» አለች ፀደንያ ዝግ ብላ። «ከጎንደርም ይምጣ ከባሕር ዳር፣ ባሜ ከመኪና የሚወርደው አስፋልቱ ላይ ነው። ታች ድረስ ሳይወርድ ያገኘናል።»

ሙሉነሽ ቀና ብላ ልጇን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ተነሥታ ቆመች።

ቦታው በተለካ ሰሞን እናትና ልጅ ከአንዳርጋቸው ጋር ወጡ። ከጉብታው ላይ ሜዳው በሙሉ ይታያል፤ ወርቃማ የአደይ አበባ፣ ከእሱ ወዲያ ማሳው፣ ከማሳው ወዲያ ጣና። አንዳርጋቸው መሬቱን በዱላቸው እየወጉ ተዘዋወሩ።

«መሠረቱን በድንጋይ ከፍ እናደርገዋለን» አሉ። «በሩ ወደ ሐይቁ ቢሆን ጥሩ ነው። በዚህ በኩል የመኪናው አቧራ አያስቀምጣችሁም።»

«ወደ መንገዱ ይሁን» አለች ሙሉነሽ።

«አቧራው እኮ...»

«ግድ የለም። ወደ መንገዱ ይሁንልኝ።»

አንድ አውቶቡስ ከባሕር ዳር በኩል መጣ። ፍጥነቱን ሲቀንስ ሙሉነሽ አንገቷን አሰገገች። ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ወረዱ፤ አውቶቡሱ ሄደ።

ፀደንያ «ባይመጣስ?» ልትላት ፈለገች። በትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ተኝታ ስታስበው የነበረው ይህንኑ ነው፤ ቃሉም አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። እናቷ ግን እጇን ዘርግታ በሩ የሚሆንበትን ቦታ እያሳየቻት ነው።

ፀደንያ ይዘውት የመጡትን ዶማ አነሣች።

«እዚህ ጋ?» አለች።

«ትንሽ ወደ ቀኝ።»

ወደ ቀኝ ጠጋ አለችና መቆፈር ጀመረች።