በሙቅ ውሃ የጸዳው ደረጃ

ብፅዓት ዐሥር ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር የምትኖረው እዚሁ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለ ፍላት ውስጥ ነው። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆኗል።

የሰንበት ትምህርት ቤቷ ልጆች በረዶ ሲጥል ከትልልቆች ጋር ሆነው የአረጋውያንን ደጅ ይጠርጋሉ። አስተባባሪያቸው ጋሽ ደምመላሽ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ስለ መንሸራተት ብዙ ያውቃሉ። ያን ቀንም አካፋ ከማደላቸው በፊት አስጠነቀቋቸው። ማንም ብቻውን አይሠራም። ከተጠረገ በኋላ ጨው ይበተናል። ሙቅ ውሃ ግን በፍጹም አይደፋም።

ለምን መሰላችሁ? ሙቅ ውሃ በረዶውን ወዲያው ያቀልጠዋል። ውሃው ግን ደረጃው ላይ ቀርቶ ብርዱ ሲበረታ ተመልሶ ይረጋል። ያን ጊዜ እንደ መስታወት ነው፤ ዐይን አያየውም፣ እግር ግን ያገኘዋል። ጨው የገባበት ውሃ ደግሞ ቶሎ አይረጋም። አያችሁ፣ ቀላል ነገር ናት።

ለብፅዓትና ለአክስቷ ልጅ ለጊዲዮን የእማማ አልታየሽ ደጅ ደረሳቸው። እማማ እግራቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ለወራት ከቤት አልወጡም። ዛሬ ግን ወደ ማታ ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን ልትወስዳቸው ነው። ይህን ለልጆቹ ሲነግሩ የእማማ ፊት በርቶ ነበር።

በረዶው ተረግጦ ጠጥሯል። ብፅዓት በአካፋ ብትፍቀው ብትፍቀው እምቢ አላት። ከፓርኩ የሚንሸራተቱ ልጆች ሳቅ ይሰማል፤ ልቧ እዚያ ነው። ጊዲዮን ከጋሽ ደምመላሽ መኪና ጨው ሊያመጣ ሲሄድ የእማማን በር አንኳኩታ የፈላ ውሃ ለመነች። እማማ ለሻይ መስሏቸው ማንቆርቆሪያውን ሰጧትና ብስኩት ፍለጋ ገቡ። እሷ ውሃውን ደረጃው ላይ ደፋችው።

ጊዲዮን ሲመለስ ደረጃው ጥቁር ብሎ ጸድቷል።

"አንቺ፣ በምን ጉልበትሽ ነው?"

"ፍቄ ነዋ። ጨውም አያስፈልገውም። ና፣ ፓርኩ ሳይመሽብን።"

ለጋሽ ደምመላሽም ጨርሰናል አለቻቸው። አመኗት።

የብፅዓት እናት ወደ ፓርኩ ወሰደቻቸው፤ በፕላስቲክ ትሪ ሲንሸራተቱ ዋሉ። ወደ ማታ ብርዱ በረታ። ብፅዓት ያወለቀችውን እርጥብ ጓንት ልታነሳ ስትል በብርዱ ረግቶ እንደ እንጨት ደርቋል። ያኔ ደረጃው ትዝ አላት።

ብናገር ከቡድኑ ያስወጡኛል፤ ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? እንዲህ አሰበች። ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሷ ግን የእማማ እግር ፊቷ ላይ ድቅን አለባት፤ እያለቀሰች ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ለእማማ ደወለች፤ ስልኩ አይነሳም። ለጋሽ ደምመላሽ ደውላ ነገረቻቸውና ከጊዲዮን ጋር ሦስቱም ሮጡ።

ሲደርሱ በሩ ተከፍቷል። ልጃቸው ማዶ መኪና እያቆመች ነው። እማማ ነጠላቸውን ለብሰው ምርኩዛቸውን ወደ ደረጃው ዘርግተዋል።

"እማማ፣ አይውረዱ! በረዶ ነው።"

"ምን በረዶ አለ ልጄ? ራሳችሁ አይደላችሁ ያጸዳችሁት?"

"ያን ውሃ እዚህ ደፍቼው ነው። ጊዲዮንንም ዋሽቼዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እማማ ደረጃውን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉት። ምርኩዙ ሸርተት አለ። በሩን ጨበጡ። "እኔ ደግሞ ብስኩት ስፈልግልሽ" አሉ ቀስ ብለው።

ጋሽ ደምመላሽ ጨው ተሸክመው ደረሱ። ብፅዓት ከቡድኑ ልውጣ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

"ጥፋትሽ ትልቅ ነው" አሉ። "ግን ስለነገርሽን ደረስንበት። ባትነግሪን በምን እናውቅ ነበር? እኔም ሳላይ ማመን አልነበረብኝም። ከዛሬ ጀምሮ ራሴ ሳልረግጠው የትም አልሄድም።"

ብፅዓት ጨው በተነች። ጊዲዮን አኩርፎ ነበር፤ ቢሆንም አካፋውን አነሳና፣ ሁለተኛ ብትዋሸው በረዶውን አንገቷ ውስጥ እንደሚጨምረው ነግሯት መፋቅ ጀመረ። ጋሽ ደምመላሽ እያንዳንዱን ደረጃ ረግጠው ካዩ በኋላ እማማ አንድ እጃቸውን ለልጃቸው፣ ሌላውን ለብፅዓት ሰጡ። ቀስ ብለው ወረዱ፤ ቤተ ክርስቲያንም በሰላም ደረሱ።

ልጆች፣ ሰው ለመርዳት ስንወጣ እንዳንጎዳው የተነገረንን እንጠብቅ፤ ከተሳሳትንም ጉዳት ሳይደርስ እውነቱን ቶሎ እንናገር።