ባለ መርከቧ ሳንቲም

«አንዴ ብቻ ልያቸው አቦ! አልበላቸውም» አለ ሬዲዮ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን በአገጩ እያመለከተ።

በዚህ ሳምንት ሲመጣ ሦስተኛው ነው። ሰኞ የሒሳብ ደብተር ልዋስ ብሎ መጣ፤ ማክሰኞ ደብተሩን ልመልስ ብሎ። ዛሬ፣ ረቡዕ፣ ሰበብ እንኳ አልፈለገም።

ሬዲዮ የሚሉት ከሕፃንነቱ ጀምሮ አፉን ስለማይዘጋ ነው። የሳጥኑን ባለቤት፣ ጓደኛውን፣ ደግሞ እስክሪብቶ እንኳ አታውስም ብለው የክፍል ልጆች «ካዝና» አሏት። ስሙ ተከትሏት ቤት ድረስ ገብቶ አሁን ታላቅ ወንድሟም የሚጠራት በዚሁ ነው።

«ስንት ጊዜ ያየሃቸው ናቸው። ምን አዲስ ነገር አላቸው?»

«ናፍቀውኛላ! ግማሾቹ እኮ የኔ ነበሩ።»

ቀልድ ይመስላል። ካዝና ግን አልሳቀችም። ሳጥኑን ከፈተችለት። ስድስቱ ከብር ማዕድን የተሠሩ የድሮ ሳንቲሞች በወረቀት ተጠቅልለው፣ በላስቲክ ታስረው ተደርድረዋል። ሬዲዮ አንዱን አንስቶ መዳፉ ላይ እየመዘነ፣ «ውኃ እንኳ አትሰጪኝም? ሰው ልትገድዪ ነው?» አላት።

ወጥ ቤት ደርሳ ስትመለስ የሳጥኑን ክዳን እየገጠመ፣ ስልኩን ኪሱ እየከተተ ነበር።

«የብር ዋጋ የት እንደደረሰ ሰምተሻል?» አለ ብርጭቆውን ሲቀበላት። «ያኔ ሦስቱን ባልሸጥልሽ ኖሮ ዛሬ ይሄን ስብርባሪ ስልክ እገላገለው ነበር።»

«ማንም አላስገደደህም።»

«ኧረ ምን ሆነሽ ነው? ስቀልድ እኮ ነው!» ውኃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ። «ይልቅ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነሽ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

ሶፋው ላይ የተጋደመው ወንድሟ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ቤቱ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ ሊዘርፈን ነው» አለ። ሬዲዮ ሳቀ። ካዝና የሳጥኑን ክዳን በእጇ ጫን ብላ ያዘችው።

ሳንቲሞቹን መግዛት የጀመሩት አብረው ነበር። እሷ ትንንሽ ልጆችን ሒሳብ እያስጠናች፣ እሱ የሰፈሩን መኪና እያጠበ የሚያገኙትን ያጠራቅሙና በየሁለት ወሩ አንጥረኛው ዘንድ ይሄዳሉ። አንጥረኛው ሰዎች እንዲያቀልጠው ከሸጡለት ብር መካከል ደህና ደህናውን ሳንቲም እየለየ ያስቀምጥና በሚዛን ይሸጥላቸዋል። አንዴ እሷ ትመርጣለች፤ አንዴ እሱ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሲደርስ የሬዲዮ መነጽር ተሰበረ። ፈተና ደርሶ ስለነበር ሦስቱንም በገዛበት ዋጋ ለካዝና ሸጠላት። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የብር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል።

ሬዲዮ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሊሸጥላት አንድ ቀን ሲቀረው አንጥረኛው ካዝናን ብቻዋን አግኝቶ፣ «ያቺን ባለ መርከቧን እንዳትሸጧት። የብር ዋጋ መውጣቱ አይቀርም፤ እሷ ግን ለብቻዋ ናት፤ ሰብሳቢ ይፈልጋታል» ብሏት ነበር። መርከብ የተቀረጸባት ይህቺ ሳንቲም የሬዲዮ ነበረች። ካዝና «ነገ እነግረዋለሁ» አለች። በማግስቱ ሬዲዮ ሦስቱን ሳንቲም ይዞ ሲመጣ ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠችው፤ ሌላ ምንም አልተናገረችም።

አሁን የማይገባት የሱ መመላለስ ነው። ሰምቶ ይሆን? ከሰማስ ለምን ፊት ለፊት አይጠይቃትም?

እሱ እንደወጣ ሳጥኑን ክፍሏ ወስዳ ባለ መርከቧን ፈታች። ክው አለች። ሳንቲሟ ጠቁራለች። ካዝና የምታውቃት ነጭ ሆና ነው፤ ይህቺ ግን ጠርዟ እንደ ከሰል፣ መሐሏ ቡናማ ነው። ከመቼ ወዲህ? ለመጨረሻ ጊዜ የፈታቻት ዓመት ሊሞላው ነው። ውኃውን ለመቅዳት የወሰደባት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ነው። ሳንቲም ለመለወጥ ሁለት ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው።

አንጥረኛው እንዳስተማራቸው ሳንቲሟን ጣቷ ጫፍ ላይ አስቀምጣ በሌላ ሳንቲም ነካ አደረገቻት። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ የእውነተኛ ብር ድምፅ። እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። እሷ ግን ከታች ምን እንዳለ በዓይኗ ማየት ፈለገች። መታጠቢያ ቤት ገብታ የጥርስ ሳሙና ቀብታ በአሮጌ ብሩሽ አሸቻት። አልለቅ ሲላት የድስት መፈተጊያ ሽቦ አመጣች። ግማሽ ሰዓት ፈተገች። በመጨረሻ መርከቧ ከነሸራዋ ነጭ ሆና ብቅ አለች። ያቺው ራሷ ናት። አልተለወጠችም።

ካዝና ተነፈሰች። ትንሽም አፈረች። ግን የቅዳሜው ጥያቄ ከአእምሮዋ አልወጣም።

ቅዳሜ ሬዲዮ ሳይመጣባት ማልዳ ወጣችና አንጥረኛው ዘንድ ሄደች። የብሩን ብናኝ ለመያዝ ጭኑ ላይ ቆዳ ዘርግቶ ቀለበት እየሞረደ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ።

«መጣችሁ?» ከኋላዋ ተመለከተ። «ሬዲዮስ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ። ባለ መርከቧ ስንት እንደምታወጣ ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

ሳንቲሟን በጠርዟ ይዞ መብራቱ ሥር አስጠጋት፤ ማጉያውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ገልብጦም አያት። ማጉያውን አወረደ።

«ምን አድርገሻት ነው፣ ልጄ?»

«አጸዳኋት።»

«በምን?»

ነገረችው። ሽቦው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ።

«ጥቁረቱ እኮ ቆሻሻ አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ። «ብር ሲቆይ እንዲያ ይሆናል፤ ላስቲክ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። ሰብሳቢ ሳንቲሟን ማንም እንዳልነካካት የሚያውቀው በሱ ነው። ይሄን ጭረት አይቶ ማን ይገዛታል?»

«ሳልነካት ብሆንስ?»

«ዘጠኝ ሺህ ብር ብሎኝ ነበር አንድ ሰብሳቢ ሰውዬ፣ ፎቶዋን አይቶ።»

«የምን ፎቶ?»

«ሬዲዮ ያመጣልኝን ነዋ! ረቡዕ አንስቶ ሲሮጥ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ሰውየውን ያዝልኝ፣ ቅዳሜ አብረን እንመጣለን እያለ ነዘነዘኝ። ለሷ እንዳትነግራት፣ ስትደነግጥ ማየት አለብኝ ይላል።» ፈገግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሳንቲሟን አይቶ ፈገግታውን ተወው። «እኔን የሚገርመኝ ያ ልጅ ነው። ያኔ ዋጋ እንዳላት እያወቀ ለቀቀልሽ፤ ዛሬ ደግሞ ገዢ ፍለጋ ይሯሯጥልሻል።»

«እያወቀ?»

«ነግረሽው የለም እንዴ? ነገ እነግረዋለሁ አላልሽኝም?»

«አዎ፣ ነግሬዋለሁ» የሚለው መልስ አፏ ላይ ነበር። አንጥረኛው ይጠብቃል። ቀለበቱ ቆዳው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

«አልነገርኩትም» አለች።

አንጥረኛው አልተቆጣትም፤ ያ ነው ይበልጥ የከበዳት። ሞረዱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«እንግዲህ አሁን በሚዛን ነው። ሰባት መቶ ልሰጥሽ እችላለሁ። ሰውየውን ምን ልበለው?»

«የሆነውን ይንገሩት። እሷን ግን ዛሬ አልሸጣትም።»

ውጭ ፀሐዩ ጠንክሯል። ካዝና ሳንቲሟን ጨብጣ ቀስ እያለች ሄደች። ሰውየው ሐሳቡን ቀየረ ብትለው ሬዲዮ ያምናታል። «አቦ፣ ሰብሳቢ ሁላ ዕብድ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሰኞ በሌላ ወሬ ይመጣል። ሳይጠይቃት፣ ሳይጠረጥራት። ወደ ቤቷ በቀኝ የምትታጠፍበት መንገድ ጋ ስትደርስ አልታጠፈችም።

የነሬዲዮን በር ስታንኳኳ እናቱ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ ከፈቱ።

«ውይ፣ ተላለፋችሁ! አሁን አንቺ ጋ ብሎ እየሮጠ ወጣ። ምን አግኝቶ እንደሆነ እንጃ፣ ጠዋት ሲዘፍን ነው የነቃው። መልእክት ካለሽ ለኔ ንገሪኝ፣ እነግርልሻለሁ።»

«የለም፣ እትዬ። ለራሱ ብነግረው ይሻላል።»

«ታዲያ ይዘገይ ይሆናል። በኋላ ብትመለሺስ?»

«ግድ የለም» አለች ካዝና። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ልጠብቀው።»